ተስፋዬ ሣህሉ፤ ከ«አባባ» በፊት የነበሩት የኮሜዲ ተዋናይ

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት አንጋፋው አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት «አባባ ተስፋዬ» በሚለው መጠሪያቸው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ለ42 ዓመታት ያህል በልጆች ጊዜ ዝግጅት ተረት እየነገሩ፣ አባት ልጅ ሆኖ ያዳመጣቸውን ልጁም በተራው እንዲያዳምጣቸው ያደረጉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ አርቲስቱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሲገቡ ዕድሜያቸው አርባን ያለፈ፣ በመድረክም የተፈተኑ ተዋናይ ነበሩ። ሙያቸው ተመልካችን ማሳቅ ነበር። ሥራቸውን ለረጅም ጊዜ ያስተናገደው የመድረክ ኮሜዲ ግን በተረት ነጋሪነታቸው ዝና ተሸፍኖ እምብዛም ሳይነገርለት ቆይቷል።

አርቲስት ተስፋዬ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. በባሌ ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሀገሪቱን ስትወር ገና ልጅ ነበሩ። የወጣትነት ዘመናቸው ከነፃነት መመለስ ጋር የገጠመ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በመምጣት የጥበብ ሥራ የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

በዚያን ጊዜ ቴአትር በሀገሪቱ ውስጥ ያለው ዕድሜ አጭር ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ሲሆን፣ የእንስሳትን ታሪክ ተገን አድርጎ በዘመኑ የነበረውን አስተዳደር የነቀፈ ሥራ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ ከታየ በኋላ ተከለከለ። የሀገሪቱ ቴአትር በኮሜዲ ተጀምሮ በኮሜዲው ምክንያት መታገዱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፌ ተውኔቶች ወደ ታሪክ፣ ወደ ሃይማኖትና ወደ ግብረ ገብ ትምህርት ማዘንበላቸው በዚህ ብቻ የተነሣ ነው ለማለት ባይቻልም፣ ቀልድ በሹማምንት ፊት ምን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ እንደሆነ ግን ቀድመው ተምረዋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ዋና ተግባሩ ሕዝቡን በወረራው ዋዜማ መቀስቀስ ነበር።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የራሱን የሙዚቃና የቴአትር ክፍል አቋቋመ። የሙዚቃውን ዘርፍ ትውልደ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ይመሩት ነበር። ወጣቱ ተስፋዬ ተዋናይ ሆነው ሥራ የጀመሩት በዚህ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛው አንባቢ የሚጠቀስ ነገር አለ። በጊዜው የነበረው ተዋናይ ዛሬ በተለምዶ እንደምናስበው ተውኔት ሲገኝ የሚጫወት፣ ሲታጣ ቤቱ የሚቀመጥ ባለሙያ አልነበረም። እንደ ማንኛውም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በደመወዝ የተቀጠረ፣ በሰዓቱ የሚገኝ፣ አለቃ ያለበት ሰው ነበር። ልዩነቱ ሌላው ሠራተኛ ደብዳቤ ሲጽፍና ሒሳብ ሲሠራ እርሱ የሚዘፍን፣ የሚጨፍርና የሚያስቅ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከባድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሴት ተዋናይ አለመኖሩ ነበር። በሕዝብ ፊት ለትወና መቆም እንደ ነውር በሚቆጠርበት፣ አዝማሪነትም ዝቅ ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ልጁን ወደ መድረክ የሚሰድ ወላጅ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። በመሆኑም እናቲቱንም፣ ሙሽራይቱንም፣ ጠላ ሻጯንም የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አርቲስት ተስፋዬ የሴት ገጸ ባሕርያትን ተላብሰው በመጫወት ስም ካተረፉት የዘመኑ ተዋንያን መካከል ናቸው። ይህ አሠራር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሼክስፒር ዘመን በእንግሊዝ መድረክ የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ልጆች ሲሆኑ፣ በጃፓኑ የካቡኪ ቴአትርም እስከ ዛሬ የሴትን ሚና የሚጫወቱ ወንድ ባለሙያዎች ከፍተኛ ክብር አላቸው።

የሴት ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት በራሱ ሳቅ ያስነሣል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካቹ ወንድ መሆኑን እያወቀ የሚስቀው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ሲሆን፣ ተዋናዩ ሌላ የሚያቀርበው ነገር ከሌለ ሳቁ ይደርቃል። በልቅሶ ትዕይንት ላይ ከሆነ ደግሞ አላግባብ የመጣ ሳቅ ተውኔቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሴትን የሚጫወት ወንድ ተዋናይ መቼ እንደሚሳቅበትና መቼ እንደሚታመን ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ነጠላ አጣጣሏን፣ እንስራ አወራረዷን፣ ከጎረቤት ጋር ስትጣላ ድምፅዋ የሚወጣበትን ልክ ከእውነተኛ ሰዎች ማጥናት ይጠበቅበታል። ለኮሜዲ ተዋናይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ትወና በመደበኛ ትምህርት በማይሰጥበት በዚያን ዘመን የአርቲስት ተስፋዬ ትውልድ የሰውን ጠባይ መቅዳትን የተማረው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በ1940ዎቹ አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን ወደ መድረክ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ይህ አሠራር ቀስ በቀስ እየቀረ ሄደ።

ሌላው የሙያ መሠረታቸው በዘፈኖች መካከል ይቀርብ የነበረው አጭር ጭውውት ነው። የዚያን ዘመን የመድረክ ዝግጅት የተለያዩ ነገሮች የሚፈራረቁበት ነበር። ዘፈን ይዘፈናል፣ ጭፈራ ይከተላል፣ ልብስና ዕቃ በሚቀየርበት ጊዜ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከመጋረጃው ፊት ለፊት ወጥቶ ተመልካቹን ያቆያል። ድምፅ ማጉያ እንደ ልብ በማይገኝበት አዳራሽ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት፣ ያለ ምንም የመድረክ ቁሳቁስ የሰውን ጆሮ መያዝ የተዋናዩ ኃላፊነት ነው። ባልና ሚስት፣ ባላገርና ከተሜ፣ አለቃና ምንዝር የሚነጋገሩበት ይህ ቅርጽ በጽሑፍ ከተያዘው ይልቅ ተዋናዩ በቦታው የሚፈጥረው ይበዛበት ነበር። አርቲስት ተስፋዬ ከትወናው ጎን ለጎን ምትሐት ያሳዩ ነበር። ምትሐትና ቀልድ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ሁለቱም የተመልካቹን ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ አስይዘው ያልጠበቀውን ከሌላ አቅጣጫ ያመጡበታል።

በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥላ ሥር የቃኘው ሻለቃ ጦርን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ስትልክ፣ አርቲስት ተስፋዬም ወደ ኮሪያ ተጉዘው ለሠራዊቱ የመዝናኛ ዝግጅት አቅርበዋል። ቋንቋውንና አየሩን በማያውቀው ሀገር፣ በክረምቱ ብርድና በተራራማ ምሽጎች ውስጥ ለነበረ ወታደር በገዛ ቋንቋው የሚቀርብ ቀልድ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም። በዓለም ላይ በርካታ ሀገሮች ተዋንያንን ወደ ጦር ግንባር የመላክ ልማድ አላቸው። በኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ታሪክ ግን የኮሪያው ጉዞ ባለሙያን ከሠራዊት ጋር ባሕር አሻግሮ በመውሰድ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚመደብ ነው።

በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በስማቸው የተሰየመው ቴአትር ቤት ተመርቆ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የነበሩት የሙዚቃና የቴአትር ባለሙያዎች ወደዚሁ ተቋም ሲዛወሩ አርቲስት ተስፋዬም አብረው ገቡ። አዲሱ ቴአትር ቤት ሰፊ መድረክ፣ ዘመናዊ መብራትና ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች የነበሩበት በመሆኑ የትወናውን ደረጃ ከፍ አድርጎታል። በሌላ በኩል ግን ንጉሡና መሳፍንቱ የሚታደሙበት አዳራሽ ሆነ። ከባድ የታሪክና የሃይማኖት ተውኔቶች ቀዳሚውን ቦታ ያዙ። ኮሜዲ ተዋናዩ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የአሽከሩ፣ የሰካራሙ ወይም የአጭበርባሪው ሚና ነበር። የቴአትር ታሪክ ሲጻፍ የሚጠቀሰው ንጉሡን የተጫወተው ነው፤ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲሄድ አስመስሎ የሚያወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሽከሩን ነገር ነው።

አርቲስት ተስፋዬ የሌሎችን ድርሰት በመጫወት ብቻ አልተወሰኑም። «ብጥልህሳ?»፣ «ነው ለካ» እና «ጠላ ሻጯ» የተሰኙ ተውኔቶችን ደርሰዋል። ርዕሶቹን ማየት ብቻ የጸሐፊውን ዝንባሌ ያመለክታል። ሁለቱ በቀጥታ ከተራ ሰው አፍ የተወሰዱ የንግግር ቁርጥራጮች ሲሆኑ ሦስተኛው የጓዳ ሴት መተዳደሪያ ነው። የቤተ መንግሥት ስም የተሸከሙ ተውኔቶች በሚበዙበት ጊዜ በዚህ ዓይነት ርዕስ ማስታወቂያ መለጠፍ በራሱ አቋም ነበር ማለት ይቻላል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ሥርጭቱን ጀመረ። የቴሌቪዥን መቀበያ ያላቸው ቤቶች በጣም ጥቂት ነበሩ። አብዛኛው ዝግጅት በቀጥታ የሚተላለፍ በመሆኑ የሚናገረው የማይጠፋበት፣ ስህተት ቢፈጠር በጨዋታ የሚያልፍ፣ ሳይደናገጥ ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር። በመጋረጃ ፊት ለፊት ጊዜ ሲሞሉ የኖሩት ተዋናይ ለዚህ የተዘጋጁ ነበሩ። አርቲስት ተስፋዬ ልጆችን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉ ሰላምታ በመስጠት የሚከፍቱት ዝግጅት ሀገር አቀፍ መለያቸው ሆነ። አንበሳው ሲናገር ድምፃቸው ይጎረናል፣ ጦጣዋ ስትመጣ ዓይናቸው ይሾላል፣ አሮጊቷ ስትገባ ወገባቸው ይጎብጣል። በማዘጋጃ ቤት መድረክ ሴትን ሲጫወቱ ያዳበሩት ችሎታ በእንግዳ ማረፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሚነግሩት ተረት ዋለ። ተመልካቾቹ ልጆች በመሆናቸው ግን ይህ ትወና ተብሎ አልተቆጠረም። «አባባ» የሚለው ስም ተዋናዩን ዋጠው።

በ1967 ዓ.ም. የተከተለው የሥርዓት ለውጥ ቴአትር ቤቱን ብሔራዊ ቴአትር አሰኘው፤ ተውኔቶቹም የአብዮቱን መንፈስ የተከተሉ ሆኑ። የሳንሱር ቁጥጥሩም ቢሆን መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ንጉሣዊውን ሥርዓት፣ ደርግንና ኢሕአዴግን ባሳለፉት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የልጆቹ ዝግጅት መቀጠሉ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1976 ዓ.ም. ገደማ ቴሌቪዥኑ ወደ ቀለም ሲሸጋገርም ተረት ነጋሪው እዚያው ነበሩ።

ጭውውት ግን በዚሁ ዘመን ከአዲስ አበባ አዳራሾች ወጥቶ በየክፍለ ሀገሩ ተሠራጨ። በየአውራጃው፣ በየቀበሌውና በየሕዝባዊ ድርጅቱ የኪነት ቡድን ሲቋቋም የቡድኖቹ ዝግጅት ዘፈንን፣ ጭፈራንና አጭር ጭውውትን የያዘ ነበር። ይህ ቀደም ሲል በማዘጋጃ ቤቱ መድረክ የተለመደው ቅርጽ ነው። በቀድሞው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ርዕሰ ከተማ በሆሳዕናም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ትናንሽ ከተሞች፣ የሚሻ ወረዳ ማዕከል የሆነችውን ሞርሲቶን ጨምሮ፣ ዛሬ በበዓላትና በቅስቀሳ መድረኮች ላይ የሚቀርብ የመድረክ ቀልድ የዚህ ቅርጽ ወራሽ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መልእክት ለማስተላለፍ ባልና ሚስትን የሚያጨቃጭቁት ወጣቶች ስሙን ሰምተው የማያውቁት የአንድ ትውልድ ዘዴ በእጃቸው አለ። ልዩነቱ በሐዲይሳ ወይም በከምባትኛ መቅረቡ፣ ቀልዱም ከአካባቢው የገበያና የእርሻ ሕይወት መቀዳቱ ነው።

በወረዳና በዞን ደረጃ ያሉ የባህል ጽሕፈት ቤቶች ይህን ዓይነት ሥራ የሚያውቁት በአብዛኛው ለአበል መክፈያ በሚዘጋጅ ሰነድ ነው። በመዝገብ ቤት ማኅደር ውስጥ ዝግጅቱ የቀረበበት ቀን፣ የተሳታፊዎች ብዛትና የወጣው ገንዘብ ይገኛል፤ ጭውውቱ ራሱ ምን ይል እንደነበር ግን አይገኝም። የጭውውቱን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ከሒሳብ ሰነዱ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ በእጅ ስልክ መቅዳት ይቻላል።

የአርቲስት ተስፋዬ የመድረክ ዘመን ይህን ዕድል አላገኘም። እንግሊዛዊው ቻርሊ ቻፕሊን ከመድረክ ወደ ፊልም የተሻገረው በ1906 ዓ.ም. በመሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ቀልዶቹ ዛሬም እንደተሠሩ ይታያሉ። በኢትዮጵያ ግን ረጅም የፊልም ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» እና በ1966 ዓ.ም. የወጣው «ጉማ» በቁም ነገር ላይ ያተኮሩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ በመድረክ ላይ የነበሩትን ኮሜዲ ተዋንያን በስፋት የሚያስተናግድ የፊልም ኢንዱስትሪ አልነበረም። የቪዲዮ ፊልሞች በብዛት መሠራት የጀመሩትና የኮሜዲ ፊልም የሲኒማ ቤቶችን ወረፋ ያረዘመው በ1990ዎቹ ነው። ያን ጊዜ አርቲስቱ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነበር። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሸፈነው የቴሌቪዥኑ ኅብረ ትርዒት ሲሆን፣ አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን የመሳሰሉ ቀልደኞች በጭውውት ለሕዝብ የታወቁት በቴሌቪዥን መስኮት ነው። በኋላም በጥላሁን ጉግሳ የተዘጋጀው «ቤቶች» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የቤተሰብ ኮሜዲን በየሳምንቱ ለተመልካች አቅርቧል።

ስለሆነም የእነዚህን ተከታዮች ቀልድ በምስል ማየት ሲቻል፣ ከእነርሱ በፊት የነበረው ተዋናይ የማዘጋጃ ቤቷን ሙሽራ እንዴት እንደተጫወተ ማየት አይቻልም። የተውኔት ጽሑፍ ተጠብቆ ቢገኝ እንኳ የሚነግረን የተባለውን ነው። ተመልካቹን ያሳቀው ምናልባት ከቃሉ በፊት የነበረው ዝምታ፣ ወይም ነጠላው ከትከሻ የወረደበት ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ በጽሑፍ አይቀመጥም።

አርቲስት ተስፋዬ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ከቴሌቪዥኑ የልጆች ዝግጅት የተለዩ ሲሆን፣ ተረቶቻቸውን በመጻሕፍት መልክ ለአንባቢ አቅርበዋል። በሕይወት ሳሉ ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው የክብር ዶክትሬት ተሰጥቷቸዋል። ለሽልማት በተጠሩባቸው መድረኮች ሁሉ የሚተዋወቁት በቅድሚያ የልጆች አባት ተብለው ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸው በአዲስ አበባ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም፣ ከሸኟቸው መካከል ልጅ ሳሉ ተረታቸውን ያዳመጡ፣ አሁን ግን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ነበሩ።